«የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ወባ የለም»፦ ስለ ወባ አባቶቻችን ያዩትና ያላዩት



በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ እስከ ገና ድረስ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይለወጣል። «ዶክተር፣ ከአገር ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ማታ ማታ ያተኩሰኛል፤ ታይፎይድ ነው ወይስ ጉንፋን?» የሚለው ይበዛል። «ወባ ተመርምረዋል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ የሚመጣልኝ መልስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኧረ ዶክተር፣ የእኛ አገር እኮ ደጋ ነው፤ ወባ የለም።»

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህች አባባል ነው። አባባሏ ባዶ አይደለችም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በዓይናቸው አይተው፣ ብዙ ሰው ቀብረው ያገኟት እውቀት አለባት። ግን እንዳለች ከያዝናት ሰው ትገድላለች። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ በተለይ ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

1. ሕዝባችን ወባ ከምን ይመጣል ይላል?

በአንድ ወይና ደጋ ወረዳ ጤና ጣቢያ በምሠራበት ጊዜ፣ ልጅ ታቅፈው የሚመጡ እናቶችን «እማማ፣ በምን የታመመ ይመስልዎታል?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነበር። መልሶቹ ከቤተሰብ ቤተሰብ ብዙም አይለያዩም። እናንተም ከአያቶቻችሁ ሳትሰሟቸው አትቀሩም፦

• «እሸት በቆሎ አብዝቶ በልቶ ነው።» አንዳንዱ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ ይላል።
• «የረግረጉ ሽታ ነው የያዘው።»
• «ቆላ ወርዶ አደረ፤ እዚያ ነው ያመጣው።»
• «ዝናብ መታው» ወይም «ፀሐይ መታው።»
• «ርቦት፣ ደክሞት ሲሠራ ወባው ተነሣበት።»

ቢምቢ የሚል መልስም ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ነው። «ቢምቢም ነው፣ እሸትም ነው፣ ብርድም ነው» ይሉሃል።

ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። መሳቁ ግን ተገቢ አይደለም። ፈረንጆቹ በሽታውን «ማላሪያ» ብለው የጠሩት በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ከሚል ቃል ነው። ሮም ዙሪያ ያለው ሕዝብም ለብዙ መቶ ዓመታት ከረግረግ የሚነሣ አየር ነው የሚያሳምመን ይል ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቨራን ጥገኛ ተሕዋሱን (ፓራሳይቱን) በሰው ደም ውስጥ ያየው እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ነው። ትንኝ እንደምታስተላልፈው ሕንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ሮስ ማስረጃውን ያገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ከዚያ በፊት የዓለም ሕዝብ በሙሉ የሚያውቀው ቦታውንና ወቅቱን እንጂ አስተላላፊዋን አልነበረም።

የእኛም ሰው እንዲሁ ነው። የት እንደሚይዝ አይቷል፣ መቼ እንደሚይዝ አይቷል። ያላየው በመሐል ያለችውን ትንኝ ነው። እሷን ስናስገባ አብዛኛው አባባል ትርጉም ያገኛል።

2. ደጋ ለምን ወባ አይበዛበትም?

የወባ ትንኝ «አኖፌሌስ» ትባላለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ለዕንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። የወባ ታማሚን ስትነክስ ተሕዋሱን ከደም ጋር ትወስዳለች። ግን ወዲያው ሌላ ሰው ላይ ልታስተላልፍ አትችልም። ተሕዋሱ በትንኟ ሆድ ውስጥ ተራብቶ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ቀናት ይፈልጋል፤ የቀኑን ብዛት የሚወስነው ደግሞ ሙቀት ነው።

ብዙ ሰው ለሚገድለው የወባ ዓይነት (ፋልሲፓረም) ስሌቱ በግርድፉ ይህን ይመስላል፦

• አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን፦ 12 ቀን ገደማ
• 20 ዲግሪ ሲሆን፦ 4 ሳምንት ገደማ
• 18 ዲግሪ ሲሆን፦ ከ7 ሳምንት በላይ
• ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ፦ ዕድገቱ ይቆማል

ትንኟ ራሷ አብዛኛውን ጊዜ የምትኖረው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው። አሁን ደምሩት። ቆላ ላይ ተሕዋሱ ይቀድማታል። ደጋ ላይ ግን ተሕዋሱ ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች። የደጋው «መድኃኒት» ይኸው ነው። በየ100 ሜትሩ ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አገራችን ላይ ወባ በዋናነት ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው ይባላል።

እንግዲህ «ደጋ ወባ የለም» ያሉት አባቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ትልቅ ነገር ነው ያዩት ማለት ነው።

ግን እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ብዙዎቻችን «ደጋ» የምንለው አገር ደጋ አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ሐዋሳና አዳማ 1,700 አካባቢ፣ ቢሾፍቱ 1,900 አካባቢ ናቸው። አየሩ ስለተስማማን ደጋ መሰለን እንጂ ሁሉም ወባ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ናቸው። ሁለተኛ፣ 2,000 ሜትር የተገነባ አጥር አይደለም። ዓመቱ ሲሞቅ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ትንኟም የምታርፈው ቤት ውስጥ ነው፤ እሳት የሚነድበት፣ ከብት የሚያድርበት ጎጆ ደግሞ ከውጭው አየር ሞቅ ይላል።

3. መስመሩ ሲሰበር የሆነውን እናስታውስ

እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1950 ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ከባድ የወባ ወረርሽኝ ደርሶባቸዋል። ዝናቡ ከወትሮው በዛ፣ ቆየም፤ አየሩም ሞቀ። ወረርሽኙ የተዛመተው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነበር። በጊዜው በተደረገ ግምት 3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ታሞ 150,000 ገደማ ሰው ሞቷል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻችሁ «ወባ ማጥፊያ» እያሉ የሚያወሩትና ቤት ለቤት ዲዲቲ ሲረጭ ያዩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ያን ያህል ሰው ለምን ሞተ? ዋናው ምክንያት ዛሬም አለ። ቆላ ተወልዶ በየዓመቱ በወባ የሚታመም ሰው፣ በልጅነቱ ካልሞተ፣ ሰውነቱ ከበሽታው ጋር በከፊል ይለማመዳል። የደጋ ሰው ይህ ልምድ የለውም። ስለዚህ ወባ ሲይዘው ሕፃኑም ጎልማሳውም እኩል ይወድቃል። «እኔ ጠንካራ ነኝ፣ ወባ አይጥለኝም» የሚል የአዲስ አበባ ልጅ ካለ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑን ይወቅ። ወባ ሳይይዘው ማደጉ ነው አቅም ያሳጣው።

4. አባባሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው

«እሸት በቆሎ ነው»
እሸት በልቶ ወባ የሚይዘው ሰው የለም። በሽታው በምግብ አይተላለፍም። ግን እናቶቻችን እሸትና ወባን አብረው ያዩት በከንቱ አይደለም። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ኩሬው አለ፣ ፀሐይዋ ደግሞ መጥታለች፤ እሸት የሚደርሰውም ያኔ ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚገርም ነገር አለ። በአገራችን በተደረገ ጥናት፣ የበቆሎ አበባ ብናኝ (የወንዴው ዱቄት) ኩሬ ላይ ሲረግፍ የትንኟ እጮች እንደሚመገቡት ተረጋግጧል። ብናኙን ያገኙ እጮች ቶሎ ያድጋሉ፣ ይፋፋሉ፣ ብዙዎቹም ከሞት ይተርፋሉ። ጎጃም ቡሬ አካባቢ በተደረገ ሌላ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች ወባው ጥቂት ከሚዘራባቸው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። በቆሎ ከወባ ጋር ግንኙነት አለው ማለት ነው። ግንኙነቱ ግን በአፋችን በኩል ሳይሆን በኩሬው በኩል ነው።

«የረግረጉ ሽታ ነው»
ሽታው አያሳምምም። ውኃው ግን እውነት ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው «ወባ ከቆሻሻ ይመጣል» ብሎ ግቢውን ጠርጎ፣ ቱቦውን አጽድቶ ይረጋጋል። ግቢ ማጽዳት ለብዙ በሽታ ጥሩ ነው። ነገር ግን አገራችን ላይ ዋናዋ የወባ ትንኝ (አኖፌሌስ አረቢየንሲስ) የምትወደው የሚሸት ቱቦ አይደለም። የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጠለል ያለ፣ ትንሽ ውኃ ነው። የከብት ኮቴ ላይ የቆመ ውኃ፣ ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ መንገድ ሲሠራ አፈር የወጣበት ቦታ፣ ከመስኖ ቦይ ያፈሰሰ ውኃ ይበቃታል። ዓይናችን «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚያልፈው ነው አደገኛው።

«ቆላ ወርዶ አደረ»
ይህ ከሁሉም የተሻለው ምልከታ ነው። የጥንት የደጋ ገበሬዎች ቆላ ወርደው ቀን ሲያርሱ ይውሉና ማታ ተራራውን ወጥተው ቤታቸው ያድሩ ነበር። ለምን ሲባሉ የቆላ አየርን ይፈራሉ። የወባ ትንኝ ደግሞ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ያደረጉት ትክክል ነበር። ዛሬ እኛ «ማደር» የሚለውን ቃል ረስተን «መሄድ» የሚለውን ብቻ ነው የያዝነው። አንድ ሌሊት ማደር ግን ይበቃል።

«ርቦት፣ ዝናብ መትቶት ተነሣበት»
ረሃብም ዝናብም ወባን አይፈጥሩም። «ተነሣበት» የሚለው ቃል ግን ትልቅ ነገር ይዟል። ሁለተኛው የወባ ዓይነት (ቫይቫክስ) ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። ያኔ ሰውየው ቢምቢ ወደሌለበት ደጋ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱን ያን ሰሞን ባገኘው ዝናብ ወይም ድካም ላይ ያደርጋል። መነሣቱን ሕዝባችን በትክክል አይቷል። የተደበቀበትን ቦታ ግን ማየት አይችልም ነበር።

5. እኛው የምንፈጥረው የወባ ቦታ

ወባ ደጋ የሚወጣው በአየር ሙቀት ብቻ አይደለም። ሰው አካባቢውን ሲለውጥም ነው።

ትግራይ ውስጥ ገበሬውን ከድርቅ ለመታደግ ትንንሽ ግድቦች ተሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከ1,800 እስከ 2,225 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ መንደሮች ተወዳደሩ። ግድቡ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት፣ ከግድቡ ርቀው ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በወባ የመያዛቸው መጠን 7 እጥፍ ነበር። የጥናቱ መሪ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው። ይህ «ግድብ አትሥሩ» ማለት አይደለም፤ ውኃ ሕይወት ነው። ግድብ ሲሠራ አጎበሩ፣ የቤት ውስጥ የኬሚካል ርጭቱና ጤና ኬላው አብረው ይታቀዱ ማለት ነው።

የአየር ሙቀቱንም በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የደብረ ዘይት አካባቢንና የኮሎምቢያን ተራራማ ቦታዎች መረጃ መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት ደግሞ ወደ ታች እንደሚመለስ አሳይቷል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ምን ሊመጣ እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ለከተማ ሰው ደግሞ አዲስ እንግዳ መጥታለች። «አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ» የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይህቺኛዋ ኩሬ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት ለተነሣው ወረርሽኝ ተጠያቂዋ እሷ መሆኗ ታውቋል። ውኃ በሳምንት አንዴ ስለሚመጣ በርሜል የምንሞላ ሁላችን ክዳኑን ማሰብ አለብን።

6. ስንዘገይ ምን እንደሚሆን

አንድ ታካሚ ልንገራችሁ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። አዲስ አበባ የሚኖር፣ የተማረ፣ ጤነኛ ወጣት ነው። አገሩ እውነተኛ ደጋ ነው። ለዘመድ ሠርግ ከቤተሰቡ ጋር ቆላ ወርዶ ሁለት ሌሊት ድንኳን ሥር አደረ። ከተመለሰ በ12ኛው ቀን ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ጀመረው። አንድ ቦታ ሄዶ ደሙ ታየና «ታይፎይድ ነው» ተባለ፤ መድኃኒት ወሰደ። አልተሻለውም። «ታይፈስም አለብህ» ተባለና ሌላ ተጨመረለት። የት ሄደህ ነበር ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እሱም ስለ ሠርጉ አልተናገረም፤ ምክንያቱም በሐሳቡ የሄደው «አገር ቤት» ነው፣ አገር ቤት ደግሞ ደጋ ነው።

እኛ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ስሙን ሲጠየቅ ይዘባርቃል። የደም ምርመራው ከባድ የፋልሲፓረም ወባ ሆነ። አርቴሱኔት በደም ሥሩ ተሰጥቶት፣ ቀናት ተኝቶ ዳነ። እናቱ አልጋው አጠገብ ቆመው ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ ወባ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ በአንድ ቀን እናመጣው ነበር። እኛ እኮ ወባን እንፈራለን።»

አዎ፣ ሕዝባችን ወባን ይፈራል። ችግሩ ወባ መሆኑን አለመጠርጠሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከታመመው አንጻር የሞተው ጥቂት ነው። ይህም በጊዜ የተመረመረና የታከመ ሰው እንደሚድን ያሳያል።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

ከመሄዳችሁ በፊት
• የት እንደምትውሉ ሳይሆን የት እንደምታድሩ አስቡ። ከ2,000 ሜትር በታች ከሆነ አጎበር ያዙ። የቦታውን ከፍታ ስልካችሁ ላይ ባለው ካርታ ማየት ትችላላችሁ።
• ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከ5 ዓመት በታች ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። እንደ ሁኔታው መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል።
• ማታ ውጭ ስትቀመጡ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፤ ቢምቢ የሚያባርር ቅባት ተቀቡ።

ትኩሳት ሲመጣ
• ከተነከሳችሁ በኋላ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ7 ቀን በኋላ ነው። በሄዳችሁ ማግስት ስላልታመማችሁ አትዘናጉ። ቫይቫክስ ከሆነ ወራትም ሊቆይ ይችላል።
• ሐኪም ጋ ስትገቡ ሳትጠየቁ «ቆላ አድሬ ነበር፣ ወባ ታይልኝ» በሉ። ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች።
• የመጀመሪያው ምርመራ «የለም» ካለና ትኩሳቱ ከቀጠለ፣ በማግስቱ እንደገና ይታይ። በተለይ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ አንዳንዴ ሊያመልጠው ስለሚችል በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ።
• ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ብቻ ተማምናችሁ ወባን አትተዉ። ዊዳል ታይፎይድ የሌለበትንም ሰው «አለብህ» ሊል ይችላል።
• የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የጠቆረ ሽንት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም የወሰዱትን ሁሉ ማስመለስ ካለ ነገ አትበሉ። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ውሰዱት።

መድኃኒት ሲታዘዝ
• ኮአርተም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ከምግብ ጋር፣ በተለይ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን በደንብ ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ስለተሻላችሁ አታቋርጡ፤ የተረፈውንም ለጎረቤት አትስጡ።
• ቫይቫክስ ከሆነ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋ ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት ሊጨመር ይችላል። ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ነው። ነፍሰ ጡር ሴት አትወስደውም፤ ለአንዳንድ ሰውም ደም ሊያፈርስ ስለሚችል በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰድ። አቋርጦ «ወባዬ ተነሣ» የሚል ብዙ ሰው አያለሁ።
• ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ግራዋ? ምግብና ባህል ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ግን ወባን አያድኑም። «መጀመሪያ ፌጦውን ልሞክር» ተብሎ የሚባክነው ሁለት ቀን ነው የሚገድለው።

ቤትና ሠፈር
• የእጩ ዕድገት ከዕንቁላል እስከ ትንኝ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የቆመን ውኃ በየሳምንቱ መድፋት፣ ጉድጓዱን በአፈር መሙላት ትውልዱን ይቆርጣል።
• በርሜልና ሮቶ በደንብ ይከደን።
• የቤት ውስጥ ርጭት ሲመጣ ፍቀዱ። ከተረጨ በኋላ ግድግዳውን አትለስኑት፣ ቀለምም አትቀቡት፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ትንኟ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው።

8. ለቤተሰብ ስትደውሉ እንዴት ትነግሯቸዋላችሁ?

ይህን ክፍል በተለይ ለእናንተ ለከተማ ልጆች ነው የጻፍኩት። ከተማ ተምረን ስንመለስ «እሸት አያሳምምም፣ እናንተ አታውቁም» ብለን እናፈርጣለን። እናት ቅር ይላታል፤ አጎበሩም ሳይሰቀል ይቀራል።

እንዲህ ብላችሁ ሞክሩት፦ «እማዬ፣ እውነትሽን ነው፤ ወባው የሚመጣው እሸት ሲደርስ ነው። የምታመጣው ግን ኩሬው ላይ ያደገችው ቢምቢ ናት። እንግዲህ በቆሎው ማበብ ሲጀምር አጎበሩን ስቀዪልኝ።» ለአባትም እንዲሁ፦ «አባዬ፣ ድሮ ቆላ አይታደርም ትለን ነበር፤ ትክክል ነበርክ። አሁን ለአጨዳ ወርዳችሁ ማደራችሁ ካልቀረ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ።»

እንዲህ ሲሆን አሮጌው እውቀት አይጣልም። እሸቱ የቀን መቁጠሪያ ይሆናል፤ ረግረጉ የት መድፈን እንዳለብን ያሳየናል፤ «ቆላ አታድር» የሚለው ደግሞ «ያለ አጎበር አታድር» ይሆናል። የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደጋ ነን፣ ወባ አይነካንም» የሚለው። በእሱ ፋንታ ይህን እንበል፦ «ደጋ ነን፤ ወባ ቶሎ ይጥለናል፤ ስለዚህ ቶሎ እንመርመር።»

የወባ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል። ገጠር ያለ ዘመድ «ገንዘብ የለኝም» ብሎ እንዳይቀር ይህንንም ንገሩት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም። አገር ቤት ለመሄድ ለተዘጋጀ ወይም ሰሞኑን ለተመለሰ ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ በቻልኩት መጠን እመልሳለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!